ሌባውን ስንረግም ውስጥ አዋቂውን አንርሳ

ወገኖቼ፣ ሀብታሞቹ አገሮች በዘበዙን ማለት ለምደናል፤ የምንለውም ሐሰት አይደለም። በባርነት የነበሩት የሃይቲ ልጆች ተዋግተው በ1804 ነፃነታቸውን ካወጁ ከ21 ዓመት በኋላ፣ ፈረንሳይ የጦር መርከቦቿን ልካ ለቀድሞ ባሪያ አሳዳሪዎች 150 ሚሊዮን ፍራንክ እንዲከፍሉ አስገደደቻቸው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ተበዳይ ለበዳይ ካሰ ማለት ነው። ዕዳው በኋላ ወደ 90 ሚሊዮን ዝቅ ቢልም፣ እሱን ለመክፈል የተበደሩት ብድር ጣጣ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ተከትሏቸዋል።

ዛሬ የምገሥጸው ግን እነሱን ሳይሆን እኛን ነው። ሩቅ ያለውን ስንራገም አጠገባችን የሚፈረመውን ወረቀት የሚያይ እየጠፋ፣ እርግማናችን ለተረገመው ከለላ ሆኖለታልና።

የዘመኑ ብዝበዛ የጦር መርከብ አያሻውም፤ የሽያጭ ሰነድ ይበቃዋል። አንድ የመዳብ ጭነት አስቡ። ማዕድን አውጪው ኩባንያ መዳቡን የሚሸጠው፣ ግብር እምብዛም በማይጠየቅበት አገር ለተመዘገበ የገዛ እህት ኩባንያው ነው፤ ዋጋውን የሚቆርጡትም በሻጭም በገዢም በኩል ያሉት እነዚያው ባለቤቶች ናቸው። በወረቀት ላይ ቶኑ በርካሽ ይሸጣል፣ እህትዬው በገበያ ዋጋ መልሳ ትሸጠዋለች፣ ትርፉም እሷው ዘንድ ይቀራል። መዳቡ ራሱ ያንን አገር ሳይረግጥ ከወደብ በቀጥታ ወደ ፋብሪካ ይጓዛል። ማዕድኑ በወጣበት አገር ያለው ግብር ሰብሳቢ እጅ የሚገባው የኪሳራ መግለጫ ነው።

በቀድሞው የደቡብ አፍሪካ ፕሬዚዳንት በታቦ ምቤኪ የተመራው አጣሪ ቡድን በ2015 ባወጣው ሪፖርት፣ ከአፍሪካ በሕገወጥ መንገድ የሚሸሸው ገንዘብ በዓመት ከ50 ቢሊዮን ዶላር እንደሚበልጥ ገምቷል፤ ትልቁን ድርሻ የያዘውም ጉቦ ሳይሆን እንዲህ በንግድ ስም የሚወጣው ነው። ዛምቢያ ግን አንዱን ተከታትላ ይዛለች፦ ሞፓኒ የተባለው የመዳብ ኩባንያ ለወላጅ ኩባንያው ለግሌንኮር ከዋጋ በታች ሸጧል ተብሎ የተጣለበትን ግብር ተቃውሞ ቢከራከርም፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2020 ለግብር ባለሥልጣኑ ፈረደ። እንዲህ ያለ ፍርድ በቁጣ አይገኝም፤ ሰነዱን ከገበያ ዋጋ ጋር መስመር በመስመር የሚያመሳክር ሒሳብ መርማሪ ይፈልጋል። እኛ ደግሞ መፈክር የሚያሰማ እንጂ ሒሳብ የሚመረምር ስናከብር አልታየንም።

በማዕድን ውሉ ውስጥ ለዓመታት ግብር እንዳይነካ የሚከለክለውን አንቀጽ የፈረመውስ ማን ነው? የእኛው ሰው ነው። ሪባን ሲቆረጥ አጨበጨብን፤ ውሉ ምስጢር ነው ሲባል እሺ ብለን ተቀመጥን። ሌባ ያለ ውስጥ አዋቂ ጓዳ ድረስ እንደማይዘልቅ ሳናውቅ ቀርተን አይደለም።

ቦትስዋና በ1966 ነፃ ስትወጣ ከዓለም እጅግ ድሃ ከነበሩት አገሮች አንዷ ነበረች። አልማዝ ሲገኝ ዲ ቢርስ ከተባለው የአልማዝ ኩባንያ ጋር የገባችውን የመጀመሪያ ስምምነት የማይነካ አድርጋ አልተቀበለችም፤ በ1970ዎቹ መልሳ ተደራድራ አገሯ ውስጥ አልማዙን በሚያወጣው ኩባንያ እኩል ባለድርሻ ሆነች፣ በ2013ም ለንደን ይካሄድ የነበረው የዲ ቢርስ አልማዝ ሽያጭ ወደ ዋና ከተማዋ ጋቦሮኔ ተዛወረ። እንከን የላትም ማለቴ አይደለም፤ ዛሬም የአልማዝ ገበያ ሲወድቅ አብራ ትናጣለች። ተደራዳሪዎቿ ግን ለማን እንደሚደራደሩ አልጠፋቸውም።

እንግዲህ የሚቀጥለው ውል ሲፈረም ምርቱን ማን እንደሚገዛው፣ ገዢው ከሻጩ ጋር ዝምድና እንዳለው፣ የግብር እፎይታው መቼ እንደሚያበቃ ጠይቁ። ምስጢር ነው ከተባላችሁ፣ ከማን የተደበቀ ምስጢር እንደሆነ መልሳችሁ ጠይቁ፤ ኩባንያው ያውቀዋልና፣ ያበደረው ባንክም ያውቀዋልና።