በርበሬ፣ ቅቤና የ1906ቱ የአሜሪካ ሕግ

በዓል በቀረበ ቁጥር ከአገር ቤት የሚመጣው ዜና አይለወጥም። በርበሬ ከሸክላ ዱቄት፣ ቅቤ ከሙዝ፣ እንጀራ ከጄሶና ከሰጋቱራ ተቀላቅሎ ተያዘ፤ ካሜራ ፊት ተቃጠለ። አሜሪካ ያለው አበሻ ይህን ሲሰማ «እዚህ ቢሆን!» ይላል። እዚህም ነበር። ከ120 ዓመት በፊት (ዘመኑን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ እቆጥራለሁ) የአሜሪካ ወተት እንዳይበላሽ ተብሎ ሬሳ የሚደርቅበት ፎርማሊን ይጨመርበት፣ ሥጋው ለልብስ ማጠቢያ የሚውል ቦራክስ ይነሰነስበት፣ ማሩ በግሉኮስ ይበረዝ ነበር። ሕፃን ለማስተኛት በየፋርማሲው የሚሸጠው ሽሮፕ ደግሞ ሞርፊን ነበረበት፤ እናትየው ግን አታውቅም።

ይህን የሚከለክል የፌዴራል ሕግ ይውጣ የሚል ረቂቅ ለኮንግረስ መቅረብ የጀመረው በ1879 ነው። የጸደቀው በ1906። በነዚያ 27 ዓመታት ረቂቅ በረቂቅ ላይ እየተደራረበ ኮሚቴ ውስጥ ሲሞት ኖረ። የጎደለው የነበረው ጉዳዩን ለተራው ሰው ዓይን የሚያሳይ ነገር ይመስለኛል፤ ብረዛ ደግሞ በባሕርይው የማይታይ ነው።

የግብርና ሚኒስቴሩ ዋና ኬሚስት ሃርቪ ዋይሊ በ1902 ከኮንግረስ 5,000 ዶላር አስፈቅዶ ዋሽንግተን በሚገኘው መሥሪያ ቤቱ ምድር ቤት የመመገቢያ ክፍል ከፈተ። አሥራ ሁለት ጤነኛ ወጣቶች ምግብ በነጻ እየበሉ ምግብ እንዳይበላሽ የሚጨመሩትን የጊዜውን ኬሚካሎች አብረው ሊውጡ ፈረሙ። የመጀመሪያው ቦራክስ ነበር፤ ቅቤው ውስጥ ተደበቀ። ልጆቹ ጠረጠሩና ቅቤውን መተው ጀመሩ። ወደ ወተት፣ ወደ ሥጋ፣ ወደ ቡና ተዛወረ፤ እነዚያንም ሸሹ። በመጨረሻ ድብብቆሹ ቀርቶ በእንክብል ተሰጣቸው። ራስ ምታት፣ የሆድ ሕመም፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት ተመዘገበ። ዛሬ አንድም የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ይህን አያሳልፈውም፣ ኬሚካሉን የማይወስድ ማወዳደሪያ ቡድን እንኳ አልነበረውም። ጋዜጦች ግን «የመርዝ ቡድን» ብለው ስም አወጡለት፤ አገር ሁሉ አወራው።

እኔ ከሁሉ የማደንቀው በ1904 በሴንት ሉዊስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የቀረበውን ነው። የክፍላተ ግዛቱ ኬሚስቶች ከገበያ የተገዛ ምግብ ውስጥ ያለውን ከድንጋይ ከሰል ዝፍት የተሠራ ቀለም ለይተው አወጡ፤ በዚያው ቀለም ሐርና ሱፍ ጨርቅ ነክረው ምግቡ አጠገብ ዘረጉት። ጎብኚው ልጆቹ የሚበሉትን ነገር ጨርቅ ላይ አየው። የሴቶች ክበባት ደግሞ ጉዳዩን ከተማ ለከተማ ይዘውት ዞሩ። በ1906 የቺካጎ ቄራዎች ጉድ ሲጋለጥ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በሰኔ 30 ሁለት ሕጎች በአንድ ቀን ፈረመ፤ አንዱ የሥጋ ምርመራ፣ አንዱ የምግብና መድኃኒት።

የሥጋው ሕግ ክርክር አጭር ነው፤ የመርማሪውን ደመወዝ ማን ይክፈል? ቄራዎቹ በታረደው ከብት ልክ ይክፈሉ የሚለው ሐሳብ ተሸነፈና መንግሥት በየዓመቱ 3 ሚሊዮን ዶላር ሊያወጣ ተወሰነ። ትልልቆቹ ቄራዎች በመጨረሻ ብዙም አልተጎዱም፤ የመንግሥት ማኅተም የውጭ ገበያ ይከፍትላቸዋል። ሥጋውን ከግዛቱ ድንበር የማያወጣ ቄራ ግን የፌዴራሉ ሕግ የደረሰበት በ1967 ነው።

የምግቡ ሕግ ጉልበት ዕቃው ላይ የሚለጠፈው ገላጭ ጽሑፍ ላይ ነበር። ጥቂት አደገኛ መድኃኒቶችን (አልኮል፣ ሞርፊን፣ ኮኬይንና መሰሎቻቸውን) ጻፍ ከማለት በቀር አምራቹ ይዘቱን እንዲዘረዝር አያስገድድም። ከጻፈ ግን አይዋሽም። ተቆጣጣሪው ናሙና ይገዛል፣ ላቦራቶሪ ይመረምራል፣ ነጋዴው ቀርቦ ይሰማል፣ ከዚያ ፋይሉ ለዐቃቤ ሕግ ይተላለፋል። ከግዛት ግዛት ለተላከ ዕቃ የመጀመሪያ ጥፋት ቅጣቱ እስከ 200 ዶላር ብቻ ነበር፤ ለትልቅ ፋብሪካ የሻይ ዋጋ። የሚያመው ሌላ ነው፤ ፍርዱ ታትሞ ይወጣል።

ከሕጉ አንቀጾች ለእኛ ይጠቅማል የምለው ዘጠነኛው ነው። ቸርቻሪው «ይህ ዕቃ አልተበረዘም» የሚል ከአቅራቢው የተፈረመ ዋስትና ካለው እሱ አይከሰስም፤ ክሱ ወረቀቱን ተከትሎ ወደ ፈራሚው ይወጣል። እናም እያንዳንዱ ባለሱቅ ለራሱ ሲል ካከፋፋዩ ፊርማ መጠየቅ ጀመረ። አላግባብም ተሠርቶበታል። አምራቾች «በምግብና መድኃኒት ሕግ መሠረት ዋስትና ያለው» ብለው ጠርሙሱ ላይ ሲለጥፉ ገዢው መንግሥት ያረጋገጠለት መሰለው፤ በኋላ አባባሉ ከጠርሙሱ እንዲነሣ ተደረገ። ሌላም ቀዳዳ ነበረ። ዕቃው የራሱ የተለየ ስም ካለውና ጎጂ ካልሆነ ነጻ ነው፤ ስለዚህ «ብሬድ ስፕሬድ» የተባለው፣ ፍሬው ከማርማላታ እጅግ ያነሰ ዳቦ ላይ የሚቀባ ነገር፣ ማርማላታ ነኝ እስካላለ ድረስ አልተነካም። በ1911 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕጉ የሚያግደው ስለ ይዘት የሚነገር ውሸትን እንጂ «ካንሰር አድናለሁ» የሚለውን አይደለም ብሎ ፈረደ። ኮንግረስ በ1912 ሕጉን አሻሽሎ በማታለል ሐሳብ የሚነገር የፈውስ ውሸትን ቢከለክልም ያንን ሐሳብ ማስረዳት ለዐቃቤ ሕግ ዳገት ሆነ። ሕጉ በአዲስ የተተካው በ1938 ነው፤ ከአንድ ዓመት በፊት ዳይኤቲሊን ግላይኮል በተባለ መርዘኛ ፈሳሽ የተበጠበጠ ሽሮፕ ከመቶ በላይ ሰው ከገደለ በኋላ።

ወደ አገር ቤት ስንመለስ አዋጅ ጠፍቶ አይደለም፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 (ይህ ዓመት ብቻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የተበረዘ ምግብን ይከለክላል። ነገር ግን በርበሬ ተራ ያለው ጆንያ ምን ተጽፎበታል? ምንም። የዋሸ ጽሑፍ የለም፣ የፈረመ አቅራቢ የለም። ባለሱቁ ሲያዝ «ከደንበኛዬ ነው የገዛሁት» ይላል፣ እውነቱንም ሊሆን ይችላል፤ ጆንያው ይቃጠላል፣ ደንበኛው ግን በማግስቱ ሌላ ጆንያ ያወርዳል። በተቃጠለው ጆንያ ልክ የአከፋፋይ ስም ቢታተም ኖሮ ነገሩ ሌላ በሆነ። እስከዚያው ባለሙያ እመቤት ዛላውን ራሷ ቀንጥሳ፣ ወፍጮ ቤት ወስዳ፣ ተፈጭቶ እስኪያልቅ ከአጠገቡ አትነቃነቅም። ዋይሊ ቢያያት ይቀጥራት ነበር።

የቤት ውስጥ ፍተሻም ድንበር አለው። በርበሬ ውሃ ላይ ሲነሰንሱት ለጊዜው ይንሳፈፋል፣ ሸክላ ቶሎ ይሰምጣል። ሆኖም ጨውና ከባድ ቅመምም ስለሚሰምጡ የወረደውን በጣት ማሸት ያስፈልጋል፤ እንደ አሸዋ ከሻከረ ያው ሸክላው ነው። ሙዝ የገባበት ቅቤ ሲነጠር ከተለመደው አተላ የበዛ ዝቃጭ ይተዋል። የአትክልት ቅባት ከተቀላቀለበት ግን ዓይንም ምላስም አይደርሱበትም፤ የቅባት አሲዶቹን ላቦራቶሪ መለካት አለበት። ክብደት እንዲጨምር ውሃ ከተረጨበት ዛላ የሚመጣው የሻጋታ መርዝ፣ አፍላቶክሲን፣ ከዚህ ሁሉ ይከፋል፤ አይታይም፣ ወጥ ቢንተከተክም አይጠፋም። የአውሮፓ ኅብረት ለበርበሬ የፈቀደው ጣሪያ በኪሎ 10 ማይክሮግራም፣ የአሜሪካው 20 ነው።

በቅቤ ነገር አሜሪካኖቹም ጉድ ናቸው። ከ1902 ጀምሮ ቢጫ ቀለም በተጨመረበት ማርጋሪን (ቅቤ መሳይ ቅባት) ላይ በፓውንድ 10 ሳንቲም ግብር ተጣለ፣ ነጩ ላይ ሩብ ሳንቲም። ስለዚህ ፋብሪካው ነጩን ከቀለም ብልቃጥ ጋር ይሸጥ፣ እመቤቲቱ ማታ ኩሽናዋ ውስጥ ታሸው ነበር። ይህ የወተት ገበሬው ጥቅም ነበር፣ ስለ ጤና ማንም አላሰበም።

ዛሬ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለ የአበሻ ሱቅ የታሸገ በርበሬ የሚገዛ ሰው ከረጢቱን ገልበጥ ያድርገው። ይዘቱ በክብደት ቅደም ተከተል መጻፍ አለበት። ኮረሪማውና ጥቁር አዝሙዱ «ቅመማ ቅመም» በሚል ቃል ሊጠቃለሉ ይችላሉ፤ ጨውና ነጭ ሽንኩርት ግን በስማቸው ይጠራሉ። ጨው ከበርበሬ ቀጥሎ ሁለተኛ ከተጻፈ የከፈለው ለምን እንደሆነ ያውቃል። በሻንጣ የመጣው ፌስታል ላይ ያለው ጽሑፍ የተቀባዩ ስም ብቻ ነው።