የ45 ቀን ክትባት ላይ እናትየውንስ ማን ይጠይቃት?

ህፃኑ 4 ኪሎ ከ800 መዘነ። ካርዱ ላይ ነጥቧን አደረግኩ፣ መስመሩ ውስጥ ቆንጆ ሆና ገባች፣ ከዛ ሁለቱን መርፌ ጭኑ ላይ ወጋሁት፣ ጠብታውን አፉ ውስጥ ጨመርኩለት፣ ጩኸቱን ለቀቀው። እናትየው አቅፋዋለች ግን አላባበለችውም፣ ዝም ብላ ግድግዳው ላይ ያለውን ፖስተር ነው የምታየው። ወረፋው ኮሪደሩን ሞልቶታል። ቀጣይ ቀጠሮዋን ፅፌ ካርዱን ስሰጣት ምን እንዳናገረኝ እንጃ "አንቺስ ደህና ነሽ የኔ እናት?" አልኳት። "ገንፎዬን ራሴ ነኝ ያገነፋሁት" አለችኝ። ይቺን ብቻ። ካርዱን ተቀብላኝ ወጣች፣ እኔም ቀጣይዋን ጠራሁ።

አራስ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። እኛ ጋ ለወለደች ሴት ገንፎ የሚያገነፋላት አለ ማለት ሰው አላት ማለት ነው፣ እናቷ ትሁን አክስቷ ትሁን ጎረቤት፣ ቅቤና በርበሬው መሀሉ ላይ ተደርጎ ይቀርባል፣ ሰው እየገባ እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ እንኳን በሰላም ተገላገልሽ ይላታል፣ አራስ ብቻዋን አትተውም። ያቺ ልጅ ግን በወለደች በማግስቱ ይሁን በሦስተኛው ቀን ራሷ ተነስታ፣ በዛ በሚንቀጠቀጥ ጉልበቷ፣ ምድጃ ጋ ቆማ ስታማስል አሰብኳት። ከዛ ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣችም፣ ይሄን ፅሁፍም የምፅፈው በሷ ምክንያት ነው።

ነርስ ነኝ፣ ክትባት ክፍል ከገባሁ አመታት ሆነኝ። ስለ ድባቴ (ዲፕሬሽን የምንለው) ብዙ የተማርኩት ግን ትምህርት ቤት ሳይሆን አንድ የማስተርስ ተማሪ ለመመረቂያ ጥናቱ ዳታ ኮሌክተር አድርጎ ሲቀጥረኝ ነው። ጤና ዘርፍ ላይ ያለን ሰዎች ይሄን አይነት ጥናት በደንብ እናውቀዋለን፣ "ፕሪቫለንስ ኤንድ አሶሺየትድ ፋክተርስ ኦፍ ዲፕሬሽን" (የድባቴ ስርጭትና ተያያዥ ነገሮች) ይልና ቀጥሎ የሆነ የሰው ክፍል ይጠቀሳል፣ የስኳር ህመምተኞች፣ ኤችአይቪ ያለባቸው፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ እስረኞች፣ ነፍሰ ጡሮች፣ አራሶች። ጎንደር ሂዱ ጅማ ሂዱ ሀዋሳ ሂዱ ይሄ አይነት ጥናት ሞልቷል። መጨረሻው ላይ የሚወጡት ነገሮችም ይመሳሰላሉ፣ ሴት መሆን፣ ድህነት፣ ደጋፊ ማጣት፣ ጫት፣ ሌላ በሽታ መኖር፣ መገለል።

መጠይቁ ላይ አንዲት ጥያቄ አለች፣ "ከባድ ችግር ቢገጥምሽ የምትተማመኚባቸው የቅርብ ሰዎችሽ ስንት ናቸው?" የምትል። ወረቀቱ ላይ ስታዩዋት ቀላል ናት። እናቶች ግን እዚች ጥያቄ ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን ነው የሚቆጥሩት። አንዷ አውራ ጣቷን ያዘች፣ "እናቴ" ብላ ልትል ነበር መሰለኝ ቆመች፣ እናቷ ከሞቱ አመት አልሞላቸውም ነበር ለካ፣ ጣቷን ለቀቀችውና "ፃፊ፣ የለም ብለሽ ፃፊ" አለችኝ። ፃፍኩ። ያ የፃፍኩት ነገር ኮምፒውተር ላይ ገብቶ "ዝቅተኛ ማህበራዊ ድጋፍ" የሚል ቁጥር ሆነ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ማለት አለብኝ፣ ተያያዥ ማለት ምክንያት ማለት አይደለም። አንድ ቀን ብቻ ሄደህ የጠየቅካት ሴት "ባሌ አይረዳኝም" ካለችህ ባሏ ስለማይረዳት ነው የደበራት ወይስ ከመደበሯ የተነሳ ሁሉም ሰው የተዋት እየመሰላት ነው? ከአንድ ቀን ጥያቄ ይሄን መለየት አይቻልም። ለዛ ነው ቡታጅራ ላይ የተሰራው ስራ ለኔ ትልቅ ቦታ ያለው፣ እዛ ሰውን ለአመታት እየተከታተሉ ነው ያጠኑት። ፕሮፌሰር አታላይ ዓለም፣ ቻርሎት ሃንሎንና ባልደረቦቻቸው 1065 ነፍሰ ጡሮችን ገና ሳይወልዱ ጠይቀው ከወለዱ በኋላም ተከታተሏቸው፣ ውጤቱ በ2009 እንደ ፈረንጆች ወጣ። በእርግዝናቸው ጊዜ የጭንቀትና የድባቴ ምልክት የበዛባቸው እናቶች ምጣቸው ከ24 ሰአት በላይ የመርዘሙ ነገር ከሌሎቹ ይበልጥ ነበር፣ ጡት ማጥባት የሚጀምሩትም ዘግይተው ነው። የህፃኑ የውልደት ክብደት ላይ ግን ግልፅ ልዩነት አላገኙም። ይሄን ሳነብ ያ 4 ኪሎ ከ800 ትዝ አለኝ፣ ልጁ ሚዛን ላይ ቆንጆ ሆኖ ሳለ እናቱ ውስጧ ፈርሶ ሊሆን ይችላል፣ እኛ ደግሞ የምንመዝነው ልጁን ብቻ ነው።

ሌላው ከቡታጅራ የተማርኩት የጥያቄውን ጉዳይ ነው። በአለም ላይ ለወለዱ እናቶች በጣም የሚሰራበት መጠይቅ በኤድንብራ በ1987 የወጣው ባለ 10 ጥያቄው ነው፣ የመጀመሪያዋ ጥያቄ ስለ መሳቅና የነገሮችን አስቂኝ ጎን ስለማየት ነው። ይሄን መጠይቅ ቡታጅራ ገጠር ላይ ሲሞክሩት ጥሩ አልሰራም፣ አዲስ አበባ ላይ ሲሞከር ግን ደህና ሰራ። አንድ አገር ውስጥ እኮ ነው! ገጠር ላይ የተሻለው የአለም ጤና ድርጅት ባለ 20 ጥያቄው አዎ ወይ አይ የሚባልበት ነው፣ እሱ የሚጀምረው "ራስ ምታት ያስቸግርሻል?" ብሎ ነው፣ ከዛ ምግብ፣ ከዛ እንቅልፍ። እኔ ይሄ አይገርመኝም። እናቶቻችን መቼ ነው "ድባቴ ይዞኛል" ሲሉ የሰማነው? ራሴን ይላሉ፣ ሆዴ ባባ ይላሉ፣ ሀሳብ በዛብኝ ይላሉ፣ ቤተሰቡም ምች ነው፣ ብርድ ነው፣ አይነ ጥላ ነው ይላል። ደበረኝ የሚለው ደግሞ ወጣቱ መብራት ሲጠፋም የሚለው ቃል ስለሆነ ክብደቱ ጠፍቷል።

እና "ሴት መሆን" የሚለው ነገር። የአለም ጤና ድርጅት ድባቴ ሴቶች ላይ ከወንዶች በ50 ፐርሰንት ገደማ እንደሚበዛ ይናገራል፣ የኛም ጥናቶች ላይ በተደጋጋሚ ይወጣል። ግን ይሄ ነገር ሰንጠረዥ ላይ ብቻውን ሲቀመጥ ችግሩ እሷ ሰውነት ውስጥ ያለ ያስመስለዋል፣ ሆርሞን ነው ምናምን ተብሎ ይዘጋል። ሆርሞን የለበትም እያልኩ አይደለም፣ ግን በዛው በቡታጅራ አካባቢ የአለም ጤና ድርጅት ያስጠናውና በ2005 የወጣው የቤት ውስጥ ጥቃት ጥናት ምን እንዳገኘ እዩ፣ ባል ወይም አጋር ከነበራቸው ሴቶች 71 ፐርሰንቱ በህይወታቸው አካላዊ ወይ ወሲባዊ ጥቃት ወይ ሁለቱም ደርሶባቸዋል፣ በ10 አገሮች 15 ቦታ ላይ ከተጠናው ሁሉ ትልቁ ቁጥር ይሄ ነው። ንጉሤ ደየሳና ባልደረቦቹ ደግሞ በዛው አካባቢ ያገቡ ሴቶችን አጥንተው መመታት፣ መሰደብና መዋረድ፣ በባል ቁጥጥር ስር መሆን ከድባቴ ጋር እንደሚያያዙ አሳይተዋል። ስለዚህ "ሴት መሆን" ብለን ስንፅፍ ከስሩ ምን እንዳለ እናውቃለን። እናውቃለን እኮ።

ይሄ የኛ አገር ጉዳይ ብቻም አይደለም። ህንድ ጎዋ ላይ ቪክራም ፓቴልና ባልደረቦቹ በ2002 ባወጡት ጥናት ከወለዱ 6 እስከ 8 ሳምንት የሆናቸውን እናቶች ሲጠይቁ 23 ፐርሰንቱ ድባቴ ነበረባቸው። ድህነት አለበት፣ ከባል ጋር አለመስማማት አለበት፣ የገረመኝ ግን የልጁ ፆታ ነው፣ ሴት ልጅ መውለድ ራሱ አደጋውን የሚጨምር ሆኖ ተገኘ፣ የባል ዱላና ረሀብ በእናትየው ላይ የሚያደርሱትንም ጉዳት ይለውጠው ነበር። ያው እዛ ሴት ልጅ እዳ ተደርጋ ስለምትታይ ነው። ለንደን ላይ ደግሞ ጆርጅ ብራውንና ቲሪል ሃሪስ በ1970ዎቹ ካምበርዌል የሚባል ሰፈር ሴቶችን አጥንተው ነበር፣ ከባድ ነገር ከደረሰባቸው ውስጥ የልባቸውን የሚያወሩት የቅርብ ሰው የሌላቸው ይበልጥ ድባቴ ውስጥ ይወድቁ ነበር፣ በልጅነቷ እናቷን ያጣች፣ ቤት ውስጥ ትንንሽ ልጆች የበዙባትም እንደዛው። ሚስጥረኛ ማጣት በሉት። ጎዋም ለንደንም ቡታጅራም የሴቶቹ ኑሮ ሰማይና ምድር ነው ግን ያቺ ጣቷን የለቀቀችው እናት ሦስቱም ጋ አለች።

ዛሬ ሜሪላንድ ወይ ሚኒሶታ የምትወልድ እህታችንም አለች፣ እናቷ ቪዛ ተከልክላ፣ ባሏ ሁለት ስራ እየሰራ፣ አራስ ቤቷ አንድ ክፍል አፓርታማ ሆኖ፣ ገንፎውን በቪዲዮ ኮል እየተነገራት የምታገነፋ። ፎቶዋን ፌስቡክ ላይ አይተን እንኳን ደስ አለሽ ብለን እናልፋለን።

እና የኔ ነጥብ ምንድነው፣ ማን ይደበታል የሚለውን በበቂ አውቀናል። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ በየአመቱ አዲስ ፕሪቫለንስ ማውጣቱ ክፋት የለውም፣ ተማሪም መመረቅ አለበት፣ ግን ያ ሁሉ እናት ተጠይቃ ስታበቃ ወደ ቤቷ የምትሄደው እንደመጣችው ነው። እኔ ራሴ የጠየቅኳት አንዲት እናት ከ20ዎቹ ጥያቄ 17ኛዋ ላይ፣ ህይወትን ስለማጥፋት ሀሳብ የምትጠይቀው ላይ፣ ቀስ ብላ "አዎ" አለችኝ። ተማሪውን ጠራሁት፣ እሱም እንደ ደንቡ ሪፈር አፃፈላት፣ ወረቀቱን አይታ "አማኑኤል ነው እንዴ የምትልኩኝ? እኔ እብድ አይደለሁም" አለች። አብረናት ቁጭ ብለን ብዙ አወራን፣ በኋላ ወረቀቱን አጥፋ የልጇ ክትባት ካርድ ውስጥ ከተተችው። ትሂድ አትሂድ የሚከታተል ሰው አልተመደበም፣ እኔም ስልኳን አልወሰድኩም፣ ዛሬም ይቆጨኛል።

የ45 ቀን ክትባት ማለት እኮ ትልቅ እድል ነው። ለራሷ ብላ ጤና ጣቢያ የማትመጣ እናት ለልጇ ክትባት ትመጣለች፣ የምትመጣውም ልክ ጎዋ ላይ በጠየቋቸው ሳምንት ነው። ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፣ በ10 ሳምንት ትመለሳለች፣ በ14 ሳምንት ትመለሳለች። እንግሊዝ አገር ነፍሰ ጡርና ወላድ ሲከታተሉ እንዲጠየቁ የሚመከሩት ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፣ ባለፈው አንድ ወር ውስጥ መከፋትና ተስፋ መቁረጥ አስቸግሮሻል ወይ፣ ነገሮችን ለመስራት ፍላጎት ማጣትስ የሚሉ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

"ከዛስ? ጠይቀሽ ምን ልታደርጊላት ነው?" የሚሉኝ ባልደረቦቼ እውነት አላቸው። መርዳት ሳይኖር መጠየቅ ቁስል መንካት ነው፣ ሳይካትሪስት ደግሞ ለሁሉም አይደርስም። ግን ፓኪስታን ራዋልፒንዲ ገጠር ላይ የሆነውን እዩ። አቲፍ ራህማንና ባልደረቦቹ በ2008 ያወጡት ነው፣ ድባቴ ያለባቸውን 903 ነፍሰ ጡሮች ወስደው ለግማሽ ያህሉ እንደኛ ጤና ኤክስቴንሽን ያሉ የመንደር ሴት ጤና ሰራተኞች አጭር ስልጠና ወስደው ቤት ለቤት 16 ጊዜ እየሄዱ እንዲያነጋግሯቸው አደረጉ፣ የሚረብሻትን ሀሳብ እንዴት እንደምትይዘው፣ ከልጇ ጋር፣ ከቤተሰቧ ጋር። ሌሎቹንም ሴቶች ያንኑ ያህል ጊዜ ጎብኝተዋቸዋል፣ ይሄ ንግግር ሳይኖርበት ግን። ልጁ 6 ወር ሲሆነው ከሌሎቹ 53 ፐርሰንቱ ድባቴ ላይ ነበሩ፣ ንግግሩ ከነበራቸው ግን 23 ፐርሰንት ብቻ። ልጆቻቸውም ተቅማጥ ቀነሰላቸው፣ ክትባታቸውንም ይበልጥ ጨረሱ። የአለም ጤና ድርጅት ይሄን ማንዋል አድርጎ አውጥቶታል፣ መድሀኒት የለበትም፣ ፎቅ ሆስፒታል የለበትም።

ጤና ኤክስቴንሽኖቻችን ስራ በዝቶባቸዋል፣ ወባው፣ ሽንት ቤቱ፣ ክትባቱ፣ ሪፖርቱ፣ አውቃለሁ። ስለዚህ በነባሩ ላይ ዝም ብሎ መጫን አይሆንም፣ ከሚሞሉት ቅፅ የሚቀነስ ነገር ይኖራል፣ የሚጨመር ሰውም ይኖራል። ጥያቄዎቹም የፓኪስታኑ ወይ የእንግሊዙ ተተርጉመው ሊመጡ አይገባም፣ ቡታጅራና አዲስ አበባ እንኳን ለአንድ መጠይቅ አልተስማሙም፣ ለየቦታው የሚገባ ንግግር ይፈለጋል፣ እናት በምትናገርበት ቃል። ለመመረቂያ ርዕስ የምትፈልጉ ልጆችም ይሄን ብትሰሩ ደስ ይለኛል፣ ሌላ ቁጥር ከምትጨምሩ የተጠየቀችዋን እናት ከ3 ወር በኋላ ሄዳችሁ ምን ሆነች ብላችሁ እዩ።

እኔ እስከዛ ድረስ የራሴን ጀምሬያለሁ። ልጁን መዝኜ ወግቼ ስጨርስ ካርዱን ወዲያው አልሰጥም፣ ትንሽ እይዘዋለሁ። "እንቅልፍስ? ምግብስ እየበላሽ ነው? ሆድሽ ይብስብሻል?" እላታለሁ። አብዛኞቹ "ተመስገን፣ ደህና ነኝ" ይላሉ፣ ተመስገን የሚለው ቃል ደግሞ በሩን ወዲያው ይዘጋዋል፣ እኔ ግን ካርዱን እንደያዝኩ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ፣ ወረፋው ይጮሀል፣ አንዳንዷ ልጇን እያየች ቆይታ "ቆይ እስቲ ልቀመጥ" ትለኛለች።