ኮምቦልቻ ቢሞቅም ለጨቅላ ውሃ አይሰጥም

ብዙዎቻችሁ «ኮምቦልቻ ሙቀት ነው፣ ኮንዶሚኒየም ላይኛው ፎቅ ደግሞ ይብሳል፣ ስለዚህ ጨቅላውን በማንኪያ ውሃ አቅምሱት» ስትሉ አየሁ። ከፍቅር መሆኑ ይገባኛል። የኛዋ ልጅ አንገቷ በላብ ርሶ ሳይ እኔም ማንኪያ አንስቼ ነበር። ግን ልክ አይደለም። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃል፤ ከጡት ወተቱ አብዛኛው ራሱ ውሃ ነው። ውሃ ስትሰጡት ትንሿ ሆዱ ትሞላና መጥባት ይቀንሳል፣ የእናትየውም ወተት አብሮ ይቀንሳል፣ ውሃው ንጹህ ካልሆነ ደግሞ ተቅማጥ ይከተላል።

ጠምቶት እንደሆነ ለማወቅ ዳይፐሩን ቁጠሩ። ከተወለደ 5 ቀን ካለፈው፣ በቀን 6 እና ከዚያ በላይ ካረጠበና ሽንቱ ነጣ ካለ በደንብ እየጠባ ነው። ሲሞቅ ልብሱን አቅልሉለት፣ ቶሎ ቶሎ ጡት አጥቡት። ሽንቱ ካነሰ ግን ሳትቆዩ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።