የአርባ ቀን ዕድል ለምትሉ

ወገኖቼ፣ ሁለት ቃላት በአፋችን ረክሰዋል፤ አንዱ «ጀግና» ነው፣ ሌላው «ዕድል»። የገደለውን በፉከራና በሽለላ እናወድሰዋለን፤ የሞተውን የአርባ ቀን ዕድሉ ነው ብለን አፈር እናለብሰዋለን። ገዳዩ የተጻፈለትን ብቻ ከፈጸመ ምኑን ነው የምታወድሱት? በገዛ ፈቃዱ ከገደለስ ሟቹን በላው የምትሉት ዕድል ምን ቤት ነው?

ይህ እንቆቅልሽ ሮማውያን ባለቅኔዎችንም እንቅልፍ ነስቷል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ19 የሞተው ቨርጂል በ12 መጻሕፍት የዘረጋውን ኤኒይድ የተባለ ግጥም አስቡት። ኤኒያስ ከትሮይ ቃጠሎ ሽማግሌ አባቱን ተሸክሞ የወጣ፣ በጣሊያን ምድር አዲስ ዘር እንዲተክል የተወሰነበት ሰው ነው። ዕጣው ሸክሙ ነው፤ ያለቅሳል፣ ይደክማል፣ ይሄዳል። «ይኸው፣ እርሱም የታዘዘውን ነው ያደረገው» የምትሉ ሰዎች መጨረሻውን ያነበባችሁ አትመስሉኝም።

መጨረሻው ላይ ባላንጣው ቱርኑስ ጭኑን ተወግቶ ወድቋል። እጁን ዘርግቶ ይለምናል፤ መሸነፉን በሕዝብ ፊት አምኗል፤ የተጣሉባትን ልዕልት ላቪኒያንም ሚስትህ ትሁን ብሎ ለቋል። የተወሰነው ሁሉ ተፈጽሟል ማለት ነው። ኤኒያስም ሰይፉን ገታ። ከዚያ በቱርኑስ ትከሻ ላይ የወጣቱን ወዳጁን የፓላስን መታጠቂያ አየ፤ ቱርኑስ ገድሎ የገፈፈው ነበር። በቁጣ ነደደና ሰይፉን በደረቱ ሻጠው። በዚያች ቅጽበት «ግደለው» ያለ አምላክ የለም። አባቱ አንኪሰስ በሙታን ዓለም ሲያገኘው የተሸነፈውን ማሩ ብሎ የሮማን ልጆች አዝዞ ነበር፤ ኤኒያስ ያቺን ቃል ዘነጋት። ትልቁ ግጥም የሚዘጋው በድል ዘፈን ሳይሆን እያቃሰተች ወደ ጥላዎች በምትሸሽ ነፍስ ነው።

ያው አንኪሰስ ገና ያልተወለዱትን ነፍሳት ለልጁ ሲያሳየው የሮማን የጦር አለቆች ቄሳርንና ፖምፔን ያያል። አማትና አማች ናቸው፤ እንደሚፋጁ አውቋል። አውቆም «ልጆቼ፣ ልባችሁን እንዲህ ያለውን ጦርነት አታለማምዱት» ይላቸዋል። የማይቀረውን የሚያውቅ ሽማግሌ ከመገሠጽ አልቦዘነም። የነገን የማታውቁት እናንተ ግን ዝም የምትሉት «ከተጻፈ አያልፍም» ብላችሁ ነው።

ሁለቱ ተፋጁ፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ48 በፋርሳሉስ ሜዳ ለየላቸው። ያንን ጦርነት በግጥም የጻፈው ሮማዊው ባለቅኔ ሉካን ገና በመግቢያው «ዜጎች ሆይ፣ ይህ ምን ዓይነት እብደት ነው?» ብሎ ወገኖቹ ላይ ይጮኻል። እርሱም በመጀመሪያ ምቀኛ በሆነ ዕጣ ያሳብባል፤ አልሸሽገውም። ጥቂት ወረድ ብሎ ግን ዝርዝሩን ያፈስሰዋል፦ በገንዘብ የተገዛ ሹመት፣ ድምፁን ገበያ ያወጣ ሕዝብ፣ ሰው የሚበላ አራጣ፣ በመጨረሻም ጦርነት የሚጠቅማቸው ብዙ ሰዎች። ከእነዚህ ውስጥ ከሰማይ የወረደው የትኛው ነው?

ስለ ጀግናው ስኬቫ ደግሞ ስሙ። የቄሳር መቶ አለቃ ነው፤ ምሽጉን ብቻውን ያዘ። ፍላጻ ዐይኑን ሲወጋው ፍላጻውን ከነዐይኑ ነቅሎ በእግሩ ረገጠው። እውነቱን ተናገሩ፣ እዚህ ላይ ልባችሁ ሞቀ። የእኔም ሞቋል። ቄሳር ራሱ በጻፈው ማስታወሻ የስኬቫ ጋሻ 120 ቦታ እንደተበሳ፣ 200,000 ሴስተርስ የተባለ የሮማ ገንዘብ እንደሸለመው ይናገራል። ሉካን ግን አልሸለመውም። በእርስ በርስ ጦርነት ጀግንነት ምን ያህል ታላቅ ወንጀል እንደሆነ ያልገባው ሰው አለው፤ ያንን ሁሉ ገድል ቆጥሮ ሲጨርስም ያዝንለታል፦ አንተ ምስኪን፣ በዚህ ሁሉ ጀግንነትህ ለራስህ ጌታ ገዛህ!

ዕድል ጎተተው ስለምትሉት ስለ ቄሳርም አንድ ነገር ልጨምር። በሉካን ግጥም ውስጥ ጦርነቱን ሊጀምር የሩቢኮንን ወንዝ ሲሻገር የዕድልን እመቤት ጠርቶ «ፎርቱና ሆይ፣ የምከተለው አንቺን ነው» ይላል። ከዘጠኝ መጻሕፍት በኋላ፣ ሜዳው በሬሳ ከተሸፈነ፣ የአማቹ ራስም ተቆርጦ ከቀረበለት በኋላ፣ በእስክንድርያ ግብዣ ላይ ከአንድ ግብፃዊ ካህን ጋር ያወጋል። ጨዋታው ስለ ዓባይ ነው፤ እኛ ውኃውን በልጅነታችን ስለተራጨንበት ስለዚያው ወንዝ። ቄሳርም እንዲህ ይላል፦ ምንጩን እንደማይ እርግጠኛ ተስፋ ቢኖረኝ የእርስ በርስ ጦርነቱን እተወዋለሁ።

ሰማችሁ? ምንጭ ለማየት ሲባል ሊተው የሚችል ጦርነት ነበር።