ማስተካከያውን ንቀሉት

አንድ የፎቶ ኤግዚቢሽን ላይ ጥግ ይዤ ለረጅም ሰዓት ሰው ሳይ ነበር። ግድግዳው ላይ በሁለት ዓይን የሚታዩ የስላይድ (ብርሃን የሚያሳልፍ የፊልም ፎቶ) መመልከቻዎች ተገጥመዋል። ስቴሪዮስኮፕ የሚባሉትን ማለቴ ነው፤ ለግራ ዓይን አንድ፣ ለቀኝ ዓይን ሌላ ፎቶ ያቀርባሉ፣ አእምሯችን ሁለቱን አዋህዶ ጥልቀት ያለው አንድ ምስል ያደርጋቸዋል። ሰው ይመጣል፣ ጎንበስ ይላል፣ የፎከሱን ማዞሪያ ይጠመዝዛል፣ የዓይን ርቀት ማስተካከያውንም ይነካካል፣ ከዚያ ቀና ብሎ ይሄዳል። ቀጥሎ የሚመጣው የሚያገኘው የፊተኛው ሰው ያዛባውን ነው። እሱም ይሄዳል። አንዲት ትንሽ ልጅ እናቷን "ሁለት ሆኖ ነው የሚታየኝ" አለቻት። እናትየው "በአንድ ዓይንሽ እይው" ብላ መለሰችላት። አንጀቴ ቅጥል አለ።

አቋሜ ይሄ ነው፦ ለሕዝብ በሚቀርብ መመልከቻ ላይ ጎብኚ የሚነካው ማስተካከያ መኖር የለበትም። አንድም። ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚያይበት የራሱ ዕቃ ከሆነ ማዞሪያ ጥሩ ነው፤ አንዴ ለራሱ ይለካዋል፣ በቃ። ኤግዚቢሽን ላይ ግን ጎብኚው ለአንዱ መመልከቻ የሚሰጠው ጥቂት ሰከንድ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ምስሉ ካልመጣለት ጥፋቱን ከዓይኑ ቆጥሮ ያልፋል።

"የሰው ዓይን ይለያያል እኮ፣ እንዴት አይስተካከል?" የሚሉ አሉ። መለያየቱ እውነት ነው። በአዋቂዎች በሁለቱ የዓይን ብሌኖች መካከል ያለው ርቀት በአማካይ 63 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ 52 የሆነም 75 የሚደርስም አለ፣ ትንንሽ ልጆች ደግሞ ከ50ም ይወርዳሉ። ግን መልሱ ማዞሪያ አይደለም። መልሱ ትልቅ ሌንስና ትክክለኛ ርቀት ነው። ስላይዱ ከሌንሱ ልክ በፎካል ርቀቱ ላይ፣ ማለትም ሌንሱ ከሩቅ የመጣን ብርሃን አንድ ነጥብ ላይ በሚሰበስብበት ርቀት ላይ ከተቀመጠ፣ ከእያንዳንዷ የፎቶው ነጥብ የሚነሳው ብርሃን ሌንሱን ሲያልፍ ትይዩ ሆኖ ይወጣል። ትይዩ ከሆነ ደግሞ ዓይናችሁ ከሌንሱ መሃል ስድስት ሰባት ሚሊ ሜትር ወደ ጎን ቢርቅም ያቺ ነጥብ የምትታያችሁ በዚያው አቅጣጫ ነው፤ ዓይን ለመገጣጠም አይቸገርም። የሁለቱ ሌንሶች መሃል በ63 ሚሊ ሜትር ይለያይ፣ የእያንዳንዱ ስፋት ከ30 አይነስ። ጠባቡም ሰፊውም ዓይን እዚያ ውስጥ ይገባል።

ትርፍ ጥቅምም አለው። ምስሉ እሩቅ እንዳለ ነገር ስለሚታይ፣ መነጽር ያደረገ ሰው ከነመነጽሩ ጥርት አድርጎ ያየዋል። ለማንበብ ብቻ መነጽር የሚያደርጉ አዛውንት ደግሞ አውልቀው ያያሉ። ለዚህ ግን የዓይን ማስገቢያው ጥልቅ ጎማ ሊሆን አይገባም፤ መነጽር ያደረገውን ከሌንሱ ያርቀዋል። ስስ ጠርዝና የግንባር መደገፊያ ይበቃል። ለማጽዳትም ይቀላል፤ በቀን ስንት ፊት እንደሚያርፍበት አስቡት።

ዋጋ የሚያስከፍለን ነገር እንዳለ አልክድም። ፎቶው የፎካል ርቀቱ 35 ሚሊ ሜትር በሆነ ሌንስ ከተነሳ ጥልቀቱ እንደ ተፈጥሮው የሚታየው የመመልከቻው ሌንስ የፎካል ርቀትም 35 ሲሆን ነው። ሰፊ ሆኖ በዚህ ርቀት እስከ ዳር ጥርት የሚል ሌንስ ማግኘት ግን ከባድ ነው። 50 ሚሊ ሜትር ብትጠቀሙ ምስሉ ትንሽ ያንሳል፣ ጥልቀቱም ይለጠጣል። እኔ ብሆን 50ውን እመርጣለሁ። ትንሽ የተለጠጠ ጥልቀት ማንም ሳይጨነቅ ያያል፤ ጠባብ ቀዳዳ ግን ግማሹን ጎብኚ ያስወጣዋል። ብቻ ነጠላ ማጉያ መስታወት አትግጠሙ፣ ጠርዙ ላይ ቀለም ይበትናል። ሁለት ዓይነት መስታወት ተጣብቆ የተሠራው ይሻላል።

ማዞሪያው ሲነቀል ኃላፊነቱ ወደ ሠሪው ይዞራል፤ እኔም የምፈልገው ይህንኑ ነው። ሁለቱ ስላይዶች ሲታሰሩ አንዱ ከሌላው ከፍ ወይም ዝቅ ማለት የለበትም። ዓይኖቻችን ወደ ውስጥ መዞር ያውቁበታል፣ አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች ማየት ግን አይችሉበትም፤ ራስ ምታቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። ኦሪጅናሉን ስላይድ አታስቀምጡ፣ ብርሃን ቀለሙን ይበላዋል። ቅጂ አሠሩ፣ መብራቱም ሰው ሲጫነው በርቶ ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ራሱ የሚጠፋ ኤልኢዲ ይሁን። ጎብኚው የሚነካው ይህን አንድ ቁልፍ ብቻ ነው። ለልጅና በዊልቸር ለሚመጣ ሰው ደግሞ ዝቅ ያለ ሌላ መመልከቻ ይኑር።

ይህ ነገር ትናንት የተጀመረ አይደለም። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ቻርልስ ዊትስቶን በሌንስ ፈንታ ምስል የሚያንጸባርቅ መስታወት የተጠቀመበትን ስቴሪዮስኮፕ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1838 ነው፤ ፎቶግራፍ ገና ለዓለም ሳይታወቅ፣ በእጅ በተሣሉ ሥዕሎች። በ1880ዎቹ ደግሞ አውጉስት ፉርማን ካይዘርፓኖራማ የሚባለውን ትልቅ ክብ የእንጨት ሣጥን በርሊን ላይ ከፈተ። ሃያ አምስት ሰው ዙሪያውን ይቀመጣል፣ ደወል ይደወላል፣ ስላይዱ ራሱ ተንቀሳቅሶ ቀጣዩ ይመጣል። የጎብኚው ሥራ ማየት ነበር።

በዚያ ቀን ሰው ሲቀንስ ሄጄ ልጅቷ ያየችበትን መመልከቻ አስተካከልኩት። ጥቂት ደቂቃ ፈጀብኝ፣ ለዚያውም የማውቀው ነገር ሆኖ። የገመድ ድልድይ ነበር። ጣውላዎቹ ከአፍንጫዬ ሥር ተነስተው ወደ ማዶ ይሄዳሉ፣ ወንዙ ከታች እሩቅ። ሳላስበው የድልድዩን ገመድ ልይዝ እጄን ዘረጋሁ። ቀና ስል አንድ ጎልማሳ ተራ ይዞ ቆሟል። ለቀቅኩለት፤ ገና ሳያጎነብስ እጁ ማዞሪያው ላይ ነበር።