ይድረስ ለክቡር የመርፌ ቀዳዳ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከወርቃማው እጀታ ላይ ቦታ እንዲለቁ ስለማሳሰብ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኛ ደህና ነን፤ ደህና ያልሆነው የበር እጀታው ነው። ደሴ ፒያሳ «ቲታኒየም ነው፣ አይዝግም» ተብሎ የተሸጠ ወርቃማ እጀታ ክረምት ሳይወጣ ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል። ሻጩ ሙሉ በሙሉ አልዋሸም፤ ላዩን የሸፈነው ወርቃማ ልባስ፣ ቲታኒየም ናይትራይድ (የቲታኒየምና የናይትሮጅን ውህድ)፣ እውነትም አይዝግም። የሚዝገው ሥሩ ያለው ብረት ነው፤ ብረቱን ለውሃ አሳልፈው የሰጡት ደግሞ እርስዎ፣ በልባሱ ላይ የተፈጠሩት ደቃቅ ቀዳዳ፣ ነዎት።

ትውልድዎ አይጠፋንም። ልባሱ ብዙውን ጊዜ ከ5 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) አይበልጥም፤ የራስ ፀጉር እንኳ 70 ማይክሮን ገደማ ይወፍራል። ዕቃው አየሩ በተመጠጠ ክፍል ውስጥ እየዞረ፣ ቲታኒየምና ናይትሮጅን አተም በአተም ሲሰፍሩበት እርስዎ ጨረቃ ቤትዎን ይቀልሳሉ። መሠረትዎ ከፖሊሽ የተረፈች ቅንጣት፣ ከክፍሉ ግድግዳ ተቀርፋ የወደቀች ቅርፊት፣ በአርክ (በኤሌክትሪክ ብልጭታ) በሚሠራው ማሽን ደግሞ የተፈናጠረች የቲታኒየም ጠብታ ናት። ልባሱ በእሷ ላይ እያደገ ወደ ላይ ይሰፋና ጉብታ ይሆናል። ጉብታው ጥላውን የጣለበት ቦታ አተም በወጉ አይደርሰውም፤ ስለዚህ ከጎረቤቱ ጋር ሳይያያዝ ዙሪያውን ክፍተት ይቀራል። ውሃ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? አንዳንዴ ጉብታው ከነጭራሹ ይነቀልና ጉድጓድ ይተካል። «እናወፍረዋለና!» የሚሉ አሉ። ማወፈር ጥቂቱን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ጉብታው ግን አብሮ ይወፍራል፣ መንገድ ላይም አዳዲስ ይወለዳሉ።

ግፍዎ የሚብሰው ከዚህ በኋላ ነው። የጣሪያ ቆርቆሮ ሲጫር ዚንኩ ቀድሞ እየተበላ ብረቱን ያተርፋል። ቲታኒየም ናይትራይድ እንዲህ ያለ ደግነት አያውቅም፤ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ራሱ አይበላም። ሰፊው ወርቃማ ፊት ካቶድ (የማይበላው ወገን)፣ በእርስዎ በኩል ብቅ ያለችው ቁራጭ ብረት አኖድ (የሚበላው ወገን) ይሆናሉ፤ የዚያ ሁሉ ስፋት ዕዳ በአንዲት ነጥብ ላይ ይከመራል። ባዶ ብረት ቢሆን ኖሮ ዝገቱ ፊቱ ላይ ተዘርግቶ ይታይ፣ ይወለወልም ነበር፤ በእርስዎ ቤት ግን ወደ ውስጥ ይቦረቡራል። ባሕር የለንም ብለን እንዳንጽናና በረኪና አለ፦ እንደ ባሕር ጨው ሁሉ በውስጡ ያለው ክሎራይድ ጉድጓዱ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ውስጡ አሲድ ይሆናል። እርጥበቱን የደሴ ጉም በነፃ ያቀርባል። ሐረጎን ወርደው ኮምቦልቻ ሲገቡ ሙቀቱ ሥራዎን ያፋጥንልዎታል። በነገራችን ላይ፣ እዚያ ያሉትን፣ ይህንኑ ልባስ የለበሱ የስፌት መኪና ወርቃማ መርፌዎች እንዲምሩ እንለምናለን፤ መርፌ የተፈቀደላት ቀዳዳ የክሩ ብቻ ነው።

ስለዚህ የማፍረስ ሥራው እንደሚከተለው ይከናወናል። ልባሱ ሳይጀመር ዕቃው በአልካላይ ሳሙና በአልትራሳውንድ (በማይሰማ ድምፅ በሚንቀጠቀጥ) ገንዳ ይታጠባል፣ ማዕድን በሌለው ውሃ ይለቀለቃል፣ አቧራ በሌለው ሙቅ አየር ይደርቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለ ጓንት አይነካም። የክፍሉ ግድግዳና መስቀያው ከአሮጌ ልባስ ይጸዳሉ። (ብዙ ሠሪ ዕቃውን አጥቦ ግድግዳውን ይረሳል፤ የእርስዎ ዘመዶች የሚበዙት እዚያ ነው።) ልባሱ መሐል ላይ ይቆምና ዕቃው ተጠርጎ እንደገና ይጀመራል፤ ያን ጊዜ የላይኛው ቀዳዳ ከታችኛው ጋር ለመግጠም ይቸገራል። ከሥር የኒኬልና የክሮም ንጣፍ ቢኖር ደግሞ እርስዎን አልፎ የመጣ ውሃ ብረቱን በቀላሉ አያገኘውም።

ተደብቄአለሁ ብለው እንዳያስቡ። በጨውና በፖታሲየም ፌሪሲያናይድ ውሃ የራሰ ማጣሪያ ወረቀት በጸዳው ፊት ላይ ሲለጠፍ፣ ብረት በተጋለጠበት ሁሉ ሰማያዊ ነጥብ ይወጣል። ካልበቃዎት በ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የ5 በመቶ ጨው ውሃ ርጭት ውስጥ እናስገባዎታለን፤ እዚያ ራስዎ ቡናማ ለብሰው ይወጣሉ።

ከአክብሮት ጋር
የእጀታው ተጠቃሚዎች፣ ደሴ

ግልባጭ፦
ለበረኪና፣
ለድስት መፈግፈጊያ ሽቦ (ጉብታ እየነቀሉ ከቀዳዳው ጋር ስለሚተባበሩ)