ክርክር፦ አቅም ያነሰው ሰው በግቢው ቲግ ብየዳ ይጀምር?

ጉዳዩ ይህ ነው። በኤሌክትሮድ ጥቂት የበየደ፣ ገንዘቡ ውስን የሆነ ሰው በመኖሪያ ግቢው ስቴንለስ መሥራት ፈልጓል። ርካሽ ኢንቨርተር (ቀላል የብየዳ ማሽን) ገዝቶ ቲግ፣ ማለትም በማይቀልጥ የታንግስተን ዘንግና በአርገን ጋዝ ከለላ የሚበየድበትን ዓይነት፣ ይጀምር ወይስ ይቆይ? አዲስ አበባ ውስጥ በግቢው የሚሠራ በያጅ «ይጀምር» ይላል። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ብየዳ የሚያስተምሩ መምህር ደግሞ «ይቆይ» ባይ ናቸው።

በያጁ፦

ቲግ የባለጸጋ ሥራ ነው የሚባለው፣ ሰው ቲግ ሲባል ሁሉን የሚችል ማሽን ስለሚታየው ነው። አልሙኒየም የሚበይድ፣ ኤሲም (ተለዋዋጭ) ዲሲም (ቀጥተኛ) ኤሌክትሪክ ያለው፣ ባለ ፔዳል ማሽን ውድ ነው፤ ይህን አልክድም። ግን ለጀማሪ የሚመጣለት ሥራ ምንድን ነው? የካፌ ጠረጴዛ፣ የደረጃ መደገፊያ፣ የምግብ ቤት መደርደሪያ፣ የተሰነጠቀ ድስት። አብዛኛው ስቴንለስ ነው፤ ስቴንለስ ደግሞ በዲሲ ይበየዳል። ስለዚህ ኤሌክትሮድም ቲግም የሚሠራ፣ ታንግስተኑ ብረቱን ነክቶ ብድግ ሲል የሚለኮስ፣ ሊፍት የሚባለው ዓይነት ዲሲ ኢንቨርተር ይበቃዋል። ማሽኑ የጋዝ መቆጣጠሪያ ባይኖረው እንኳ እጀታው ላይ በጣት የሚከፈት ቫልቭ ያለው ቶርች (ታንግስተኑን የሚይዘውና ጋዙን የሚለቀው መሣሪያ) ይገጠምለታል።

መብራቱንም እናስላ። በ80 አምፒር በኤሌክትሮድ ሲበየድ የአርኩ (ብረቱን የሚያቀልጠው የኤሌክትሪክ ብልጭታ) ቮልቴጅ ወደ 23 ቮልት ነው፤ በቲግ ወደ 13 ቮልት ይወርዳል። አንዱ 1850 ዋት ገደማ ሲፈልግ ሌላው 1050 ዋት ገደማ ይበቃዋል ማለት ነው። የሰፈሩ መብራት በሚዋዥቅበት፣ ከአንድ ቆጣሪ ሁለት ሦስት ቤት በሚጠቀምበት ግቢ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

«መጀመሪያ ኤሌክትሮድ ይጥገብ» የሚለውም አይዋጥልኝም። 1.2 ሚሊሜትር ቱቦላሬ ላይ 2.5 ኤሌክትሮድ የያዘ ጀማሪ ቀዳዳ ሲደፍን ይውላል። የቀለጠውም ብረት ቅርፊት ለብሶ ስለሚደበቅበት ምን እንደሆነ አያይም። ቲግ ላይ የቀለጠው ብረት ራቁቱን ነው። ሲሰፋ፣ ሲሰምጥ፣ ሊበሳ ሲል ሁሉም ይታያል። ዓይንን የሚያስተምር ብየዳ ከተፈለገ ይህ ነው።

መምህሩ፦

ወንድሜ፣ ማሽኑን አስልተህ ጋዙን ዘለልከው። የቲግ ወጪ ያለው እዚያ ነው።

አርገን ከአየር ተለይቶ የሚወጣ ጋዝ ነው፤ አየር ውስጥ ያለው ድርሻ ከ1 በመቶ ያንሳል። ርካሽ ያልሆነውም በከንቱ አይደለም። 40 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ150 ባር ሲሞላ ወደ 6000 ሊትር ጋዝ ይሰጣል። በደቂቃ 8 ሊትር ቢለቀቅ 12 ሰዓት ተኩል ነው። አቅም ያነሰው ሰው ትንሹን፣ ባለ 10 ሊትሩን ቢገዛ ግን ያገኘው 3 ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ነው። ያውም ጋዙ የሚፈሰው አርኩ ሲበራ ብቻ ቢሆን። አርኩ ከጠፋ በኋላ ታንግስተኑ እስኪቀዘቅዝ መፍሰስ አለበት፤ ያወደስከው በጣት የሚዘጋ ቫልቭ ደግሞ ጀማሪ ፊለሩን (መሙያውን ሽቦ) ሲያነሳ፣ ማስኩን ሲያወልቅ ተከፍቶ ይቆያል። ከጎረቤት ጋራዥ የሚግ (በሽቦ የሚበየድበት ማሽን) ጋዝ ልዋስ እንዳይልም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበት ጋዝ ታንግስተኑን ያቃጥለዋል።

ሲሊንደሩ፣ ሬጉሌተሩ (የጋዝ ግፊት መቆጣጠሪያው)፣ ፊለሩ፣ ታንግስተኑ ሁሉ ገንዘብ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ የት እንደደረሰ እኔ አልነግርህም። አንድ ፓኮ 6013 የሚባለው የተለመደ ኤሌክትሮድ ግን ጋዝ አይጠይቅም፤ ዛሬ ተገዝቶ ዛሬ ያሠራል።

በያጁ፦

መምህር፣ ሂሳብዎ ልክ ነው። ሦስት ሰዓት አርክ ግን ለጀማሪ ትንሽ አይደለም፤ አጠቃቀሙን ካወቀበት ብዙ ያስተምራል።

መጀመሪያ ፊለር አይንካ። ሁለት የላሜራ ቁራጮች ጠርዝ ለጠርዝ ገጥሞ፣ ያለ ፊለር ጠርዛቸውን እያቀለጠ ይያያዛቸው። ብረቱ ራሱ መሙያ ይሆናል። ፊለር የመመገቡን የጣት ሥራ ማታ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ጓንት አጥልቆ፣ ያለ ጋዝና ያለ መብራት ይለማመድ። ቁራጭ ብረት ከምናለሽ ተራ በኪሎ ይገኛል። አምፒሩን ለ1 ሚሊሜትር ወደ 40 ብሎ ይነሳ፤ ለስቴንለስ ከዚያም ዝቅ ያድርግ።

ከዚያ ቀለሙን ያንብብ። አንድ ጣት የሚያህል መስመር በይዶ፣ ቶርቹን ሳያነሳ ጋዙ እስኪያበርደው ጠብቆ፣ ከዚያ ቢያየው ወርቃማ ወይም የገለባ ቀለም ካለው ሙቀቱም ጋዙም ልክ ናቸው። ሰማያዊ ከሆነ ትንሽ ሞቋል። ግራጫና ሻካራ ከሆነ ወይ ቀስ ብሏል፣ ወይ ቶርቹን አርቋል፣ ወይ ነፋስ ጋዙን ወስዶበታል። በእያንዳንዱ መስመር ላይ አስተማሪ ቁጭ ብሎለታል ማለት ነው። ኤሌክትሮድ ላይ ይህን የሚነግር ነገር የለም።

መምህሩ፦

የፊት ለፊቱን ቀለም ነገርከን። ገልብጠህ አይተኸዋል? ስቴንለስ ከጀርባው አርገን ካላገኘ ጀርባው ይፈላና ጠቁሮ እንደ ተቃጠለ ስኳር ይሆናል። ለጠረጴዛ እግር ግድ የለም። ለድስትና ለወተት ዕቃ ግን እዚያ ስንጥቅ ውስጥ ምግብ ይገባል፣ አይታጠብም፣ ብረቱም ዝገት መከላከያውን አጥቷል። ጀርባውን በአርገን መሙላት ደግሞ ሌላ ጋዝ ነው። ስለዚህ ከዘረዘርከው ሥራ የምግብ ዕቃውን አውጣልኝ።

ዋናው ሥጋቴ ግን ገንዘቡ አይደለም፤ ግቢው ነው። ቲግ ጭስ ስለሌለው ሰው ንጹሕ ነው ብሎ ይዘናጋል። ጭስ የለም ማለት ጨረሩን የሚጋርደው የለም ማለት ነው። የቆርቆሮ አጥር ላይ ነጥሮ ልብስ የምታሰጣዋን እናት፣ የሚጫወተውን ልጅ ዓይን ያገኛል፤ ሕመሙ የሚመጣው ማታ ነው። ዝናብ ሲመጣ ማሽኑን ይዞ በር የሚዘጋም አለ። አርገን ከአየር ይከብዳል፣ ሽታ የለውም፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ ከወለሉ እየተነሣ ኦክስጅኑን ያስለቅቃል።

ከሁሉም የሚያስፈራኝን ልናገር። ቲግ ቅባት አይወድም፤ ስለዚህ ጀማሪው ብረቱን ማጽጃ ይፈልጋል። ጋራዥ ውስጥ የሚያገኘው የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ ነው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ክሎሪን ያለበት ፈሳሽ ናቸው፤ ትነቱ የአርኩን ሙቀትና ጨረር ሲያገኝ ፎስጂን ይወጣዋል። ፎስጂን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለመግደያ የዋለ ጋዝ ነው። ሳንባ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከሰዓታት በኋላ ሊገለጥ ስለሚችል፣ ሰውየው ደህና ነኝ ብሎ ይተኛል። አጠገቡ ቆሞ «ያን ቆርቆሮ አስቀምጥ» የሚለው ሰው በሌለበት ግቢ ብቻውን ይጀምር ልበል? አልልም።

በያጁ፦

የፎስጂኑን ነገር አንዲት ቃል ሳልቀንስ እቀበላለሁ። የፍሬን ማጽጃ ከብየዳ ቦታ ይጥፋ። በአሴቶን ጠርጎ፣ ጨርቁንም ጠርሙሱንም አርቆ፣ ብረቱ እስኪደርቅ ይጠብቅ። አጥሩ ላይ ወፍራም ጨርቅ ይጋርድ፤ ክፍል ውስጥ አይበይድ። ታንግስተንም ጫፉ ቀይ የተቀባውን ይተው፤ ቶሪየም አለበት፣ ሲሞረድ ብናኙ ይተነፈሳል። ወርቃማው ወይም ሰማያዊው፣ ላንታነም ያለበት፣ ለዲሲ እኩል ይሠራል። የምግብ ዕቃውንም ጀርባውን በጋዝ መሙላት እስኪችል አይንካ።

ግን መምህር፣ እንዲህ ተዘርዝሮ ከተነገረው ብቻውን አይደለም። ኮሌጅ ይግባ ብለው ቢመክሩት ቀን የሚሠራ፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ነው። «ቆይ» ሲባል የሚቆየው ለዓመታት ነው። በዚህ መሃል ሰፈሩ ውስጥ የደረጃ መደገፊያ የሚያሠራው ሁሉ ወደ ሌላ ይሄዳል። እኔ የምለው ማሽኑን ዛሬ ይግዛ፤ በኤሌክትሮዱ በኩል በርና መስኮት እየሠራበት ለአርገኑ ያጠራቅም። ያው ማሽን ነው፣ ሁለት ጊዜ አይገዛም።

መምህሩ፦

በኤሌክትሮድ እየሠራ ያጠራቅም ካልክ እኔ ያልኩትን ነው የምትለው፤ በአቆጣጠራችን ብቻ ነው የምንለያየው። አንተ ቀኑን ከማሽኑ ትቆጥራለህ፣ እኔ ከጋዙ።

ማሽኑን ሲገዛ ግን ሽፋኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን አምፒር አይመን። ዝቅተኛውን ይጠይቅ። 20 አምፒር ላይ አርኩ ሳይንቀጠቀጥ የማይቆም ማሽን ለቀጭን ስቴንለስ አይሆንም፣ 200 ቢጻፍበትም። ሱቁ አያስሞክርም ካለ ወደ ሌላ ሱቅ ይሂድ። ሲሊንደሩን ባመጣ ቀን ከግድግዳ ጋር በሰንሰለት ይሰር፤ ከዚያ ከመበየዱ በፊት የቶርቹን ቫልቭ ዘግቶ፣ የሲሊንደሩን ቫልቭ ከፍቶ መልሶ ይዝጋውና የሬጉሌተሩን መርፌ ቦታ በእርሳስ ምልክት ያድርግበት። ጠዋት መርፌው ወርዶ ካገኘው መገጣጠሚያው ሁሉ ላይ የሳሙና ውሃ ይቀባ። አረፋ ያወጣውን ሳያጠብቅ ቫልቩን መልሶ ከከፈተ ግን ያ የሦስት ሰዓት ጋዙ አንድ መስመር ሳይበይድ ያልቃል።